ጉሮሮዬ የገባው ጠብታ

ጥቅምት 22፣ ዓርብ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የዓይን ነርሷ ሲስተር ንጋት ናት። ሽፋኑ ላይ ኳስ የሚመታ ባለቁምጣ ጎረምሳ አለ። እኔ ቄስ ደባሱ፣ በላሊበላ ሃያ ሁለት ዓመት የቀደስኩ ሰው፣ ይህን ጎረምሳ በብብቴ ይዤ ከጤና ጣቢያው እስከ ቤቴ ዳገቱን ወጣሁ። መስቀል ሊሳለም ያጎነበሰ ሁሉ መጀመሪያ እሱን ነው ያየው።

ግላኮማ ነው አለችኝ። ዓይኔ ውስጥ ያለው ውኃ መውጫው ጠብቦት ግፊቱ ጨምሯል፤ ግፊቱ ደግሞ ከዳር ከዳር ጀምሮ እይታዬን እየበላ ወደ መሀል ይመጣል፤ የተበላው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በጠብታ ማቆየት ይቻላል። ይህን ሁሉ የተናገረችው በአንድ ትንፋሽ ነው። ዕድሜዋ ከመጀመሪያ ልጄ አይበልጥም።

"ምንም አያመኝም እኮ" አልኳት።

"አባ፣ ክፋቱ እሱ ነው። አያምም።"

ከዚያ ፈተነችኝ። አንድ ዓይኔን ሸፍኜ አፍንጫዋን ብቻ እያየሁ፣ ጣቷን ከጎን ስታመጣ ያየሁት ጊዜ እንድነግራት ነው። የሴት አፍንጫ ላይ ማፍጠጥ ለካህን አይመችም፤ ስለዚህ ዓይኔን ትንሽ ትንሽ ወደ ጣቷ አሾለክሁት። ሁሉንም አገኘሁ ማለት ይቻላል። እሷ ግን "አባ፣ አይስረቁ" አለችኝ። ዳዊት ደግሜ፣ ዜማ ተምሬ፣ በሃምሳ ዓመቴ በኩረጃ ተያዝኩ።

ትእዛዙ ብዙ ነው። ጠብታ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አንድም ቀን ሳይዘለል፣ ዕድሜ ልኬን። ፀሐይ ላይ ስወጣ ጥቁር መነጽር። ሳነብ በየሃያ ደቂቃው ቀና ብዬ ሩቅ ማየት። ፊቴን በንጹሕ ውኃ መታጠብ፣ ዓይኔን በነጠላዬ ጫፍ አለማሸት። ጎመንና ካሮት። የመጨረሻው ያስቃል፤ ጠብታው ከገባ በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በአፍንጫዬ በኩል ያለውን የዓይኔን ጥግ ሁለት ደቂቃ በጣቴ ተጭኜ መቀመጥ አለብኝ። ለምን እንደሆነ ነግራኛለች። እኔ በዚያ ሰዓት አብሮኝ የሚያገለግለው ቄስ ወንድምአገኝ በበሩ ሲያልፍ አይቶኝ ይሆን እያልኩ ስለነበር አልሰማኋትም። የአስማተኛ ሥራ ነው የሚመስለው።

የደብተሩ የፊት ገጾች የእሷ ናቸው። በየቀኑ ሁለት ምልክት አድርጌ ከአርባ ቀን በኋላ ላሳያት ነው። እኔ ደግሞ ደብተሩን ገልብጬ ከኋላ የራሴን እጽፋለሁ። ይህን እሷ አታየውም።

ጥቅምት 24፣ እሑድ

ቸኩያለሁ። ጠብታውን ሰርካለም ናት የምትጨምርልኝ። ሁለቱ ጉንጬ ላይ፣ አንዱ ጢሜ ውስጥ፣ አንዱ ዓይኔ ውስጥ። "አትንቀሳቀስ" ትለኛለች። ሚስቴ በሰው ፊት አንቱ፣ ስትናደድ አንተ ናት የምትለኝ። ከዓርብ ጀምሮ አንተ ነኝ።

መጫኑን ትቼዋለሁ። ሁለት ደቂቃ ዓይኔን ጨፍኜ ስቀመጥ ልጆቹ ይስቁብኛል።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

መነጽሩን ለመልመድ አልተቸገርኩም። ጎብኚ በሚበዛበት ዘመን መስቀል ይዘን ፎቶ ስንነሳ የካሜራው መብረቅ ዓይናችንን ሲያጠፋው ብዙዎቻችን ጥቁር መነጽር ለምደናል። ዘንድሮ ጎብኚው የለም፤ መነጽሩ ብቻ ቀርቷል። ዛሬ አድርጌው ገበያ ብወጣ አንዱ የጋሸና መኪና ሹፌር "አባ፣ ጭነት አለ?" አለኝ።

ሩቅ ማየቱም ደስ ይላል። ከደጃፌ ሆኜ አቡነ ዮሴፍ ተራራን አያለሁ። ሃያ ሰከንድ ይበቃል ተብዬ ነበር። እኔ ግን ተራራውን ሳይ አንድ ሰው ያልፋል፣ ሰላም እለዋለሁ፣ ስለ ስንዴው እንጫወታለን፣ ንባቡ በዚያው ይቀራል። ሰርካለም "ለዓይንህ ነው እንጂ ለምላስህ መቼ አዘዙልህ" አለች። የስልኬን ፊደልም አተለቅሁት፤ አሁን አንድ ቃል መስኮቱን ይሞላዋል።

ዛሬ የጎረቤታችን የጋሻዬ አህያ ከግራ መጥታ ገጨችኝ። ገብስ የጫነች አህያ እንዴት ድምፅ ሳታሰማ ትመጣለች? ለጋሻዬ ነገርኩት። አህያዋ ቆማ ነበር አለኝ። ለአህያው የሚዋሽ ሰው ዛሬ አየሁ።

ኅዳር 1፣ እሑድ

ሰሞኔ ገባ። ይህን ሳምንት የምቀድሰው እኔ ነኝ። የሚቀድስ ሰው ደግሞ ቅዳሴው እስኪያልቅ ውኃ እንኳ በጉሮሮው አያልፍም።

ትናንት ማታ ጠብታው ከገባ ብዙም ሳይቆይ ጉሮሮዬን መረረኝ። ኮሶ ነው የሚመስለው። ዓይኔ ውስጥ የጨመርኩት ነገር ጉሮሮዬ ድረስ ምን ሊሠራ ወረደ? ለሰርካለም ስነግራት "ሲስተርን ጠይቃት" አለች። እሷ ስለ ዓይን እንጂ ስለ ጾም ምን ታውቃለች አልኳት። "እንግዲያው የኔታን ጠይቅ" አለች። የኔታ ገብረ ሊባኖስ ዜማ ያስተማሩኝ፣ ዛሬም የነፍስ አባቴ የሆኑት ሽማግሌ ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል ዓይናቸው ከጠፋ። ነአኩቶ ለአብ ገዳም ስለሆኑ ሩቅ ናቸው አልኳት። ሰባት ኪሎ ሜትር ነው።

ስለዚህ ራሴ ወሰንኩ። ሰሞኔ እስኪወጣ ጠብታ የለም። የፊት ገጹ ላይ ግን ምልክቱን አድርጌያለሁ። ልጅቷን በከንቱ ማስጨነቅ ደግ አይደለም።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ዛሬ የነአኩቶ ለአብ በዓል ነው። አገር ሁሉ ሄደ፤ እኔ ሰሞነኛ ነኝ ብዬ ቀረሁ።

ቄስ ወንድምአገኝ ማታ ከዚያ ሲመለስ በቤቴ አለፈ። ከሙጃ የመጣ ወጣት ካህን ነው፤ በአገልግሎት ሁልጊዜ ከኋላዬ ይቆማል። "የኔታ ጠይቀውዎታል። ደባሱ ምነው ጠፋ፣ ጤና የለውም ወይ አሉኝ" አለኝ።

"ምን አልካቸው?"

"ደኅና ናቸው አልኳቸው። ውሸት ነው እንዴ?"

ይህ ልጅ በጤና ጣቢያው በር ሲያልፍ አይቶኛል። አሁን እርግጠኛ ነኝ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ሰሞኔ ወጣ። ጠብታውን ልጀምር ብዬ ብልቃጡን አነሳሁ። ከዚያ ከስድስት ቀን በኋላ የነቢያት ጾም እንደሚገባ ትዝ አለኝ። ለስድስት ቀን ብሎ መጀመር ምን ይረባል? አስቀመጥኩት። ጎመኑን ግን በልቻለሁ። ካሮትም ተገኘ። መነጽር አለ። ተራራው አለ። ከስድስቱ ትእዛዝ አራቱን የሚፈጽም ሰው በዚህ ዘመን ጻድቅ ነው።

ምልክት ሁለት።

ኅዳር 15፣ እሑድ

ጾሙ ገባ። ሰው ስለ እኔ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ "ቄስ ደባሱ በጾም ውኃ እንኳ አያሸትም" ይላሉ። ገበያ ላይ ሳይቀር ሰምቼዋለሁ። እንግዲህ ይህ ሰው ዓይኑን የሚታከም አስመስሎ በጉሮሮው መድኃኒት ያወርዳል ቢባል ምን ይባላል? ልደት ከዋለ በኋላ እጥፍ አድርጌ እወስዳለሁ።

የቤተ ማርያም ደረጃ ዘንድሮ ጠቦብኛል። ዓለት በስምንት መቶ ዓመቱ ይጠባል ወይ?

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

የጽዮን በዓል። ካባዬ ተቀደደ። ቄስ ወንድምአገኝ ነው የቀደደው። በጣም ተናድጃለሁ። ነገ እጽፋለሁ።

ኅዳር 22፣ እሑድ

ነገሩ እንዲህ ነው። ዑደት ላይ ነበርን፣ ከቤተ ማርያም በላይ በዓለቱ ጫፍ እያለፍን። መንገዱን በእግሬ ጣት አውቀዋለሁ። ድንገት ከኋላዬ ካባዬን ጨምድዶ ጎተተኝ። ጨርቁ እስከ ወገቤ ተቀደደ። ሰው ሁሉ እያየ።

"ምን አደረግሁህ?" አልኩት።

"ቄስ ደባሱ፣ እግርዎን" አለኝ።

እግሬ ምን ሆነ? እግሬ እንደ ሁልጊዜው ከታች ነው ያለው። አንድ ጠጠር ብቻ ከእግሬ ሥር ሄደ። ጠጠሩ ግቢው ውስጥ ሲያርፍ ሰማሁት። እስኪያርፍ ጊዜ ወሰደበት።

ሰርካለም ካባውን ስትሰፋ ዋለች።   ከሰዓት ጎረቤታችን ባንችይርጋ መጣች፤ እኔ ጓዳ ተጋድሜ የተኛሁ መስሏቸው አወሩ።

"ዓይኑስ እንዴት ሆነለት?" አለች ባንችይርጋ።

"ምኑን አውቄ። ሳህን በግራው ካስቀመጥሁለት አያነሳውም እኮ። የለም ብሎ ይቆጣኛል። አሁን ሁሉን ነገር አፍንጫው ሥር ነው የማስቀምጥለት። እንዲያው ሲጠራኝ በግራው እንዳልመጣበት ዞሬ ነው የምሄድ።"

ስንት ጊዜዋ ነው እንዲህ ስትዞር? እኔ ምግቡ ሁሉ ፊቴ ሲደረደር የተከበርኩ መስሎኝ ነበር።

ስለ ልደት እያሰብኩ ነው። በልደት ቀን ግማሾቻችን ከቤተ ማርያም በላይ ማሜ ጋራ በሚባለው የዓለት ጫፍ ላይ፣ ግማሾቹ ደግሞ ከታች ግቢው ውስጥ ቆመው ቤዛ ኩሉ ይባላል። የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መልአክ ነበርኩ። ያውም የማዕዘኑ። ከእኔ ቀጥሎ የሚቆመው ወንድምአገኝ ነው። ቦታዬን ቢፈልጋት ነው እንጂ ሰው ያለ ምክንያት የሰው ካባ አይጎትትም።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። የጠጠሩ ድምፅ ግን ከጆሮዬ አልወጣም።

ኅዳር 29፣ እሑድ

ሰርካለም ብልቃጡን ከመደርደሪያ አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። "ለወር ነው የሰጠችህ። ወር አለፈው። እንዴት አልጎደለም?"

ጠብታውን ራሴ እጨምራለሁ ብያት ነበር፣ ከሰሞኔ ጀምሮ።

"በረከት ነው። አያልቅም" አልኳት።

አልሳቀችም። ብልቃጡን መልሳ አስቀመጠችና ወጣች። ጥሩ ቀልድ ነበር።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

የቀጠሮዬ ቀን። ሲስተር ንጋት ግፊቱን ለካች። ባለፈው ሃያ ስምንት ነበር፤ ዛሬ ሠላሳ አራት። ደገመችው። ሠላሳ አራት። ከዚያ ደብተሩን ከፊት ገልጣ ምልክቶቹን አንድ በአንድ በጣቷ ተከተለች።

"አንድም ቀን አልዘለሉም" አለች።

 አንገቴን ነቀነቅሁ።

ደብተሩን ይዛ ወጣችና ውጪ ወረፋ ለሚጠብቁት በሽተኞች አሳየቻቸው። "እዩ፣ መታከም እንዲህ ነው። ቄሱ እንኳ በጾም በጸሎት መሀል አንድ ቀን አላቋረጡም" ስትል በግድግዳው ሰማሁ። አንዲት አሮጊት "ይባርካቸው" አሉ። ገጹንም በስልኳ ፎቶ አነሳችው።

ተመልሳ መጥታ ፊቴ ተቀመጠች። "አባ፣ እርስዎ የሚችሉትን አድርገዋል። መድኃኒቱ ነው ያልሠራልዎት። በጠብታ ካልወረደ ቀዶ ጥገና ነው። እኛ ዘንድ አይሠራም፤ ጋሸና ላይ የተዘጋው መንገድ ሲከፈት እጽፍልዎታለሁ።"

ዓይኔን ሊቀዱት ነው። ምንም ያልበደለ መድኃኒት በእኔ ምክንያት አይረባም ተባለ።

ታኅሣሥ 4፣ ዓርብ

እንቅልፍ የለም። ምግብ የለም፤ ጾሜ እንዳይመስላችሁ፣ አልወርድ ብሎኝ ነው። ለማን ነው "ችሁ" የምለው? ይህን የሚያነብ የለም።

ወንድምአገኝ መንገድ ላይ አገኘኝና ካባው ተሰፋ ወይ አለኝ። ተሰፍቷል አልኩት። "ልክፈልዎ?" አለኝ። ይህን ልጅ ልጠላው ብሞክር አልተሳካልኝም።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ነአኩቶ ለአብ ሄድኩ። ሰርካለም አብሬህ ልሂድ አለች፣ እንቢ አልኳት። ትንሽ ራቅ ብላ ስትከተለኝ መንገድ ላይ አወቅሁ። እንዳላወቀ ሆኜ ሄድኩ።

የኔታ ዋሻው ውስጥ፣ ሁልጊዜ በሚቀመጡበት ነበሩ። እዚያ ከዋሻው ጣሪያ ውኃ ይንጠባጠባል፤ ከታች የድንጋይ ገበታ ይቀበለዋል፤ ሰው ለጠበል ይወስደዋል። ክረምት ከበጋ ይንጠባጠባል። ቁጭ ብዬ ስሰማው በልቤ፣ ይህ ጣሪያ እንኳ በጾም ጠብታውን አላቋረጠም አልኩ።

"ደባሱ፣ ድምፅህ ከፍ ብሏል። ምን ልትደብቀኝ ነው?" አሉኝ ገና ሰላም ስላቸው።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ጠብታውን፣ መራራውን፣ ሰሞኔን፣ ምልክቱን፣ ካባውን። ሳወራ አላቋረጡኝም።

"ይህን ስትወስን ማንን ጠየቅህ?" አሉ።

"ማንንም።"

"እኔንም?"

"አንቱንም።"

 ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

"ለእኔም ሰጥተውኝ ነበር። ወልዲያ ነው፤ አንተ ገና ዳዊት ትደግም ነበር። ጠብታው መረረኝ። ጉሮሮየ ላይ ሲደርስ ጾሜን የፈታሁ መሰለኝና ተውሁት። ማንንም አልጠየቅሁም።"

"ይከለክሉኛል ብለው ነው?"

"ኧረ ተው። ይፈቅዱልኛል ብየ ፈርቼ ነው እንጂ። ቢፈቅዱልኝ ያ ጾመኛው ገብረ ሊባኖስ የሚባለው ሰው ይቀርብኝ ነበር። ሰው በየመንገዱ ሲያወራለት ደስ ይለኝ ነበር፣ ልጄ። አሁን ዓይኑን ለእግዚአብሔር ሰጠ ይሉኛል። እግዚአብሔር መቼ ጠየቀኝ? እሱን በዚህ አላማውም።"

የኔታ እንዲህ ሲናገሩ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። አለቀስኩ። ማልቀሱስ ለዓይን ጥሩ ነው መጥፎ ነው? ሲስተር ንጋት አልነገረችኝም።

ከዚያ ቆረጡልኝ። ይህ ጾም እስኪፈታ መቅደስ ገብቼ እንዳልቀድስ፤ ቅኔ ማኅሌት ቆሜ ጠብታዬን በሰዓቱ እንድጨምር። ከዚያ በኋላ ሰሞን ሲደርስብኝ እሳቸውን ጠይቄ ሰዓቱን እንድናስተካክል። "ሂድና ለዚያች ልጅ እውነቱን ንገራት" አሉኝ። "ደግሞ ዓይንህ ከጠፋ እኔ ዘንድ አትምጣ። ይህ ዋሻ የሚበቃው ለአንድ ዕውር ነው።"

ስወጣ ሰርካለም ከበሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። በግራዬ በኩል መጥታ ክንዴን ያዘች።

ታኅሣሥ 7፣ ሰኞ

ስንቱን ሰው ሳናዝዝ የኖርኩ ሰው ዛሬ በሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ፊት ተናዘዝኩ። ንስሐ የሚገባ ሰው ለምን ከዳር ከዳሩ እንደሚጀምር አሁን ገባኝ፤ እኔም ስለ አየሩ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጎመኑ አውርቼ ነው የደረስኩበት። ከጨረስኩ በኋላ ሲስተር ንጋት ደብተሩን ከፊት ገለጠች።

"ይህን ገጽ ለሃምሳ ሰው አሳይቻለሁ" አለች።

"ይቅር በይኝ፣ ልጄ።"

"ለቀዶ ጥገና ልልክዎት ነበር እኮ፣ አባ። ዓይንዎን ሊከፍቱት ነበር። በምልክት።" ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እኔ የተናደደች ብቻ ነበር የመሰለኝ። ከዚያ ድምፅዋን አስተካክላ ጠየቀችኝ፦ "ጥጉን ሁለት ደቂቃ ይጫኑ ነበር?"

"የቱን ጥግ?"

"የነገርኩዎትን ነዋ። በአፍንጫ በኩል። ከዓይን ወደ አፍንጫና ጉሮሮ የሚወርድ ቀዳዳ አለ፣ እንባም በዚያው ነው የሚወርደው። እሱን ሲጫኑት መድኃኒቱ ዓይን ውስጥ ይቀራል። ጉሮሮ አይወርድም ማለት ይቻላል።"

ቤት መጥቼ የመጀመሪያውን ቀን ጽሑፌን ገለጥኩ። አለ። በእጄ ጽፌዋለሁ። "የአስማተኛ ሥራ ነው የሚመስለው" ብዬ። ከአንድ ወር በላይ ዓይኔን የበላኝ ጉሮሮዬ አይደለም፤ ወንድምአገኝ ያየኝ እንደሆነ ለማየት የዞርኩባት ያቺ ቅጽበት ናት። እሱን ስፈልግ እሷን ሳላዳምጥ ቀረሁ፤ ሁለት ደቂቃ መቀመጥም አቃተኝ።

የድሮውን ብልቃጥ ጣለችው፤ ከተከፈተ ከወር በላይ አይቆይም። አዲስ ሰጠችኝ። ማታ ጨመርኩ። ተጫንኩ። ሁለት ደቂቃ ረጅም ነው፤ አንድ አቡነ ዘበሰማያት፣ አንድ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ እንደገና አንድ አቡነ ዘበሰማያት፣ እሱም በዝግታ። ጉሮሮዬ አልመረረኝም።

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

ጠዋት ጠብታ። ማታ ጠብታ። እውነተኛ ምልክት። ሰው ለምን አይቀድሱም ይለኛል፣ ዓይኔን እየታከምኩ ነው እላለሁ። ገበያው ገና ምን እንደሚል አልተስማማም።

ታኅሣሥ 23፣ ረቡዕ

ግፊቱ አሥራ ዘጠኝ። ሲስተር ንጋት ቀዶ ጥገናውን ቀደደችው፣ ወረቀቱን ማለቴ ነው።

ከዚያ የጎኑን ፈተና ደገምን። ዛሬ አልሰረቅሁም። አፍንጫዋን አየሁ፤ ዓይኔን ከዚያ አላነሳሁም። በቀኝ ጣቷን አገኘሁት። በግራ ምንም አልመጣም። ገና ያልጀመረች መስሎኝ ጠበቅሁ። "አባ፣ እጄ ፊትዎ አጠገብ ነው" አለችኝ። ያኔ ብቻ አየሁት፣ ድንገት፣ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ። በግራዬ ጨለማ አይደለም ያለው። ጨለማ ቢሆንማ አውቀው ነበር። ምንም የለም። የጋሻዬ አህያ ቆማ ነበር።

"ይህ ይመለሳል?" አልኳት፣ እንደማይመለስ እያወቅሁ።

"አይመለስም። የቀረውን ነው የምንጠብቀው።"

በጣም አዝኛለሁ። ይህን ሌላ አድርጌ መጻፍ አልችልም። ከዚህ ውስጥ ስንቱ ጠብታውን በተውኩባቸው ቀናት እንደሄደ ጠየቅኋት። "አይታወቅም" አለችኝ። ያዘነችልኝ ይመስለኛል።

ታኅሣሥ 25፣ ዓርብ

ወንድምአገኝን ቤቱ ሄጄ አገኘሁት። ሲያየኝ ካባው እንደገና ተቀደደ እንዴ አለኝ።

"በልደት ማዕዘኑ ላይ አንተ ቁም" አልኩት።

"ቄስ ደባሱ፣ አይሆንም። እኔ ከኋላዎ ቆሜ ቀበቶዎን እይዛለሁ። ማንም አያይም።"

ይህ ልጅ ለካ አስቦበታል። ቀበቶዬን ይዞ ሊቆም። ቦታዬን ሲመኝ የኖረ መስሎኝ ነበር። ያን ቀን ካባዬን ባይጎትት ጠጠሩ ሲያርፍ የሚሰማው ሌላ ሰው ነበር። ይህንኑ ነገርኩት። አንገቱን ደፋ። "ለካባው ግን ትከፍላለህ" አልኩት፣ ሳቅን።

ታኅሣሥ 29፣ ማክሰኞ፣ ልደት

ዘንድሮ እረኛ ሆንኩ። ከታች ግቢው ውስጥ፣ ከሕዝቡ መሀል፣ የኔታን ክንዳቸውን ይዤ ቆምኩ። ሰርካለም በግራዬ።

ቤዛ ኩሉ ከላይ ሲጀመር የኔታ "ንገረኝ" አሉኝ።

ቀና አልኩ። ነጭ ለብሰው ዙሪያውን ሞልተውታል። ጥምጥማቸውን ልነግራቸው ነበር፣ ዓይኔ ግን እግራቸው ላይ ቀረ። ሃያ ሁለት ዓመት ስቆም እግራችን ከታች እንዴት እንደሚታይ አላውቅም ነበር። የወንድምአገኝ ጣቶች ከዓለቱ አልፈው አየር ላይ ናቸው። ሲያሸበሽቡ ተረከዛቸው ይነሳል። 

"የኔታ፣ እግራቸው ጫፍ ላይ ነው" አልኳቸው።

"የአንተም እዚያ ነበር?"

"ከዚያም ያልፍ ነበር።"

ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙ። "ሌላስ?" አሉ።

ሌላውንም ነገርኳቸው። ሰማዩን፣ ከዓለቱ ላይ የበቀለውን ሣር፣ ጃንጥላዎቹን፣ አንድ ዲያቆን ጥምጥሙ ሊወልቅ ሲል በክርኑ ሲያስተካክለው። ዜማው እስኪያልቅ አወራሁላቸው። በቀረኝ ይህን ያህል ይታያል።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰርካለም ጨመረችልኝ። አንዱ ብቻ ጢሜ ላይ ሄደ። ጥጉን ተጭኜ ስቀመጥ ልጆቹ ሳቁብኝ፣ እንዲስቁ ተውኳቸው። ሁለቱ ደቂቃ ሲያልቅ ዓይኔን ስገልጥ ሰርካለም ብልቃጡን ወደ መብራቱ አንስታ ይዛዋለች። ከታች ትንሽ ብቻ ቀርቷል።

"በረከቱ አለቀ" አለች።

ዛሬ ሳቀች።